የትምህርት ቤት ጓሮ አትክልት፦ መደብ ወይስ ጆንያ?

ግቢው አፈር ካለው መደብ ይሻላል። ወርዱ ከ1 ሜትር አይብለጥ፤ ለትንንሾቹ 80 ሴንቲ ሜትር ይበቃል። ከዚያ ከሰፋ መሃሉ ላይ ለመድረስ ይረግጡታል፤ የተረገጠ አፈር ደግሞ ውኃ አያሰርግም። 30 ሴንቲ ሜትር ተቆፍሮ ድንጋዩ ከተለቀመ ካሮትም ይሆናል። ድንጋይ የገጠመው ካሮት መንታ ሆኖ ይወጣል (ልጆቹ ግን በጣም የሚወዱት እሱን ነው)።

ግቢው ሲሚንቶ ከሆነ አፈር ሞልተው የሚተክሉበት ጆንያ ነው። ድብልቁ 3 እጅ አፈር፣ 2 እጅ በደንብ የበሰለ ኮምፖስት፣ 1 እጅ አሸዋ። ብዙው ሰው የሚሳሳተው ውኃው ላይ ነው፦ ላዩ ይጨቀያል፣ ታቹ ደርቆ ይቀራል። ስለዚህ ታችና ላዩ የተቆረጠ ጣሳ መሃል ላይ አቁሙና ጠጠር ሙሉበት፤ ዙሪያውን አፈር ጨምሩ፤ ጣሳውን ወደ ላይ ሳቡና እስከ ጆንያው አፍ ድረስ ድገሙት። ውኃው በጠጠሩ በኩል እስከ ታች ይወርዳል። ጎኑን በየ20 ሴንቲ ሜትሩ ቀደድ አድርጎ የቆስጣ ወይም የሰላጣ ችግኝ መትከል ነው። ካሮት ጎኑ ላይ አይሞከርም።

ጆንያ ቶሎ ይደርቃል፤ ቅዳሜና እሁድ የሚያጠጣ ካልተመደበ ሰኞ ጠዋት ችግኙ ጠውልጎ ይጠብቃችኋል። ጉዝጓዝ (አፈሩን የሚሸፍን ደረቅ ሣር ወይም ቅጠል) የለበሰ መደብ ሁለት ቀን ይታገሣል።