ኢንጂንኤክስ በትንሽ ሰርቨር ላይ፦ ከስምንት ወር በኋላ

1 ጊጋባይት ራም ባለው የኡቡንቱ ሰርቨር ላይ፣ ከኋላው አንድ የፓይተን አፕሊኬሽን ይዞ ስምንት ወር የሠራ ኢንጂንኤክስ (nginx፣ የድረ ገጽ ጥያቄዎችን ተቀብሎ ወደ አፕሊኬሽኑ የሚያሳልፍ ፕሮግራም) ነው። በራሱ ችግር አንዴም አልወደቀም። ሳይት የሚያስቆሙት ዙሪያውን ያሉት ነገሮች ናቸው።

መጀመሪያ የፋይል መጠን ገደቡን አስተካክሉ። ካልተነካ ከ1 ሜጋባይት በላይ አይቀበልም፤ ዛሬ ስልክ የሚያነሳው ፎቶ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከዚያ ይበልጣል። ተጠቃሚው 413 (ፋይሉ ከገደቡ በልጧል የሚል የስህተት ቁጥር) ይመጣበታል፣ ጥያቄው ከበር ስለተመለሰ ግን አፕሊኬሽኑ ሎግ (የሥራ መዝገብ) ላይ ምንም አይገኝም። 10 ሜጋባይት ለፎቶ ይበቃል።

ከሁሉ የከፋው የሰርቲፊኬት (የሳይቱን ማንነት ለብራውዘር የሚያረጋግጠው ፋይል) ጉዳይ ነው። የሌትስ ኢንክሪፕት (ሰርቲፊኬት በነፃ የሚሰጥ ድርጅት) የተለመደው ሰርቲፊኬት የሚያገለግለው 90 ቀን ነው፤ 30 ቀን ገደማ ሲቀረው ሰርትቦት የተባለው ፕሮግራም ያድሰዋል። በዌብሩት መንገድ (ማረጋገጫ ፋይል ሳይቱ ፎልደር ውስጥ በማስቀመጥ) የሚያድስ ከሆነ ግን አዲሱን ፋይል ዲስክ ላይ አስቀምጦ ዝም ይላል። ኢንጂንኤክስ ደግሞ ሰርቲፊኬቱን የሚያነበው ሲነሳ ወይም ሪሎድ ሲደረግ (ሳይቆም ቅንብሩን እንደገና ሲያነብ) ስለሆነ አሮጌውን ይዞ ይቀጥላል። ፋይሉን ብታዩት አዲስ ነው፤ ብራውዘሩ ግን ጊዜው አልፏል ይላል። ሰርትቦት ዲፕሎይ ሁክ (ከእድሳት በኋላ የሚሠራ ትእዛዝ የሚገባበት ቦታ) ላይ የሪሎድ ትእዛዝ አስገቡ። ክትትሉም በ443 ፖርት (በHTTPS በር) ለሰው የሚታየውን ሰርቲፊኬት ይፈትሽና 14 ቀን ሲቀረው ይጩህ። ሌትስ ኢንክሪፕት የማስጠንቀቂያ ኢሜይል መላኩን በ2025 ስላቆመ ሌላ የሚያስታውስ የለም።

ኮንፊግ (የቅንብር ፋይሉ) በተነካ ቁጥር መጀመሪያ በ‹-ቲ› (nginx -t) ፈትሹ፣ ከዚያ ሪሎድ። ስህተት ያለበት ኮንፊግ ሪሎድ ሲደረግ የድሮው ይቀጥላል፤ ሪስታርት (ቆሞ እንደገና መነሳት) ሲደረግ ግን ሳይቱ ይጠፋል።

ድክመቱ ክትትል ላይ ነው። ስተብ ስታተስ የሚባለው ገጹ ኮኔክሽኖችንና ጥያቄዎችን ይቆጥራል እንጂ ስንት 502 (ከታች የተገለጸው ስህተት) እንዳለ አይናገርም። ስለዚህ ሎጉ ላይ ጥያቄው በጠቅላላ የፈጀውንና አፕሊኬሽኑ ብቻ የፈጀውን ጊዜ ጨምሩ። የመጀመሪያው 9 ሰከንድ፣ ሁለተኛው 0.2 ከሆነ ኮዱን አትነካኩ፤ ብዙውን ጊዜ የሚያዘገየው የተጠቃሚው ኔትወርክ ነው። 499 ማለት ሰውዬው መልሱ ሳይደርሰው ዘግቶ ወጥቷል። 502 አብዛኛውን ጊዜ አፕሊኬሽኑ ወድቋል ማለት ሲሆን፣ 504 ደግሞ 60 ሰከንድ ተጠብቆ መልስ አልሰጠም። ሰርቨሩ በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ ሰዓት) ከሆነ ሎጉ ላይ 00:00 የሚለው በእኛ አቆጣጠር ሌሊት 9 ሰዓት መሆኑን አትርሱ።

ዲስክ ሲሞላ ሎጉን ማጥፋት ብቻውን ቦታ አይመልስም፤ ኢንጂንኤክስ የጠፋውን ፋይል ከፍቶ ይዞታል። ‹-ኤስ ሪኦፕን› (nginx -s reopen) ስትሉት ይለቀዋል።