የህትመት ሥዕል ዋጋውን ገዢውን ጠይቃችሁ አትሽጡ

በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ያለው ቤታችን በመልሶ ማልማት ምክንያት ሲፈርስ፣ ዕቃችንን በጥድፊያ በምናወጣበት ሰሞን፣ አባቴ ከሳሎኑ ግድግዳ አውርዷቸው የማያውቃቸውን አራት የህትመት ሥዕሎች (ሠዓሊው በእንጨት ወይም በብረት ላይ ቀርጾ በወረቀት የሚያትማቸውን) በቸርችል ጎዳና አካባቢ ለሚገኝ አንድ ሱቅ በ6,000 ብር ሸጥኩ። ባለሱቁ ሥዕሎቹን አገላብጦ ካየ በኋላ በአንደኛው ግርጌ በእርሳስ የተጻፈውን 7/30 በጣቱ እያሳየኝ፣ «ይኸው፣ ሠላሳ ኮፒ ያለው ነገር ነው፤ እኔ የምከፍለው ለፍሬሙ ነው» አለኝ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ያንኑ 7/30 በሌላ መደብር መስኮት ውስጥ 38,000 ብር ተለጥፎበት አየሁት። የተለጠፈ ዋጋ ሁሉ የተሸጠበት ዋጋ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ነጋዴም ኪራይ አለበት። ያናደደኝ ማትረፉ ሳይሆን፣ ለሥዕሉ ምስክር የሆነውን ቁጥር ማጣጣያ ማድረጉ ነው።

7/30 ማለት ሠዓሊው ከቀረጸው እንጨት ወይም ብረት ሠላሳ ቅጂ ብቻ ለማተም ወስኖ፣ ይህ ሰባተኛ ሆኖ የተቆጠረው ነው ማለት ነው። እያንዳንዱ ቅጂ ራሱን የቻለ የሠዓሊው ሥራ እንጂ የሌላ ሥዕል ፎቶ ኮፒ አይደለም። በአንጻሩ ቁጥርና ፊርማ ብቻውን አያስተማምንም፤ በፖስተር ላይም በእርሳስ መፈረም ይቻላልና። በማጉያ መነጽር ስታዩት ጥቃቅን የቀለም ነጠብጣቦች በሥርዓት ተደርድረው ከታዩ ከማተሚያ ቤት የወጣ ቅጂ መሆኑን ጠርጥሩ። ከተቀረጸ ብረት የታተመ ሥዕል ግን አብዛኛውን ጊዜ ብረቱ ወረቀቱን የተጫነበት ስርጉድ ዙሪያውን በጣት ይዳሰሳል።

የወረቀቱ ይዞታም ዋጋ ይወስናል። ከአራቱ አንዱን አባቴ ከፍሬሙ ጋር እንዲገጥምለት ነጩን ጠርዝ በመቀስ ከርክሞት ነበር፤ በዚያኛው ባለሱቁ ዋጋ ቢቀንስ አልፈርድበትም። እናንተም ለሽያጭ ያምርልኝ ብላችሁ በእርጥብ ጨርቅ አትወልውሉ፣ በፕላስተርም አትጠግኑ።

ከመሸጣችሁ በፊት የፊቱን፣ የጀርባውንና የፊርማውን ፎቶ አንስታችሁ ሥራውን ለማይገዛችሁ ሰው አሳዩ። ሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም የመሠረቱትና ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የህትመት ጥበብ ስለሚያስተምር፣ በዚያ ያለፉ ባለሙያዎች ዋጋ ባይተምኑላችሁ እንኳ የሠዓሊውን እጅና የአሠራሩን ዓይነት ለይተው ሊነግሯችሁ ይችላሉ። ሠዓሊው ወይም ቤተሰቡ የሚገኝ ከሆነ ደግሞ ስንት ቅጂ እንደታተመና በቅርቡ በስንት እንደተሸጠ ከእነርሱ የተሻለ የሚያውቅ አይገኝም። የውጭ አገር ሠዓሊ ሥራ ከሆነ የጨረታ ቤቶች ያለፈ ሽያጭ በኢንተርኔት ይገኛል፤ ሆኖም ከዚያ ላይ ኮሚሽን እንደሚቀነስ አትርሱ። ገማች ብትቀጥሩ የሥዕሉን ዋጋ መቶኛ ሳይሆን ቁርጥ ክፍያ የሚጠይቀውን ምረጡ፤ ለመድን የሚጻፈው ግምትም ገበያው ከሚከፍላችሁ ብዙ ጊዜ ከፍ ስለሚል፣ ግምቱ ለምን እንደተሠራ አስቀድማችሁ ጠይቁት።

ስትሸጡም የሠዓሊው ስም፣ የሥዕሉ ርዕስና የቅጂው ቁጥር በግዢ ወረቀቱ ላይ ካልሰፈረ አትፈርሙ። እኔ ሱቁ ተመልሼ ሄጄ አቤት ስል ባለሱቁ የፈረምኩበትን ወረቀት አውጥቶ አሳየኝ፤ «ያገለገሉ ፍሬሞች፣ ብዛት 4» ይላል።