«ልገሳ ነው» እያሉ የበረራ ገንዘብ የሚያስቀሩትን ተጠንቀቁ

በዋሽንግተን ዲሲ፣ በቨርጂኒያና በሜሪላንድ የምትኖሩ ወገኖቼ፣ በተለይም ለአባቶቻችሁ ስጦታ የምታስቡ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ለመብረር ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን እንድታነቡ እለምናችኋለሁ። ነገሩ የደረሰብን ትናንት ነው፤ ንዴቱም ገና አልበረደልኝም። ይህን በረራ የሚሸጡትን ሰዎች ብዙዎቻችሁ ታውቋቸዋላችሁ። በጋ በመጣ ቁጥር አሮጌ አውሮፕላኖቻቸውን ይዘው ከአንዱ አነስተኛ አውሮፕላን ማረፊያ ወደ ሌላው ይዞራሉ፣ ድንኳን ይተክላሉ፣ ኮፍያና ካናቴራ ይሸጣሉ፤ የበረራውን ሒሳብ ግን ገና ከተማው ሳይደርሱ በኢንተርኔት ሰብስበው ይጨርሳሉ።

አባቴ በወጣትነታቸው ደብረ ዘይት የአየር ኃይል የሞተር መካኒክ ነበሩ። ሙያውን የጀመሩት ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1947 ከስዊድን በገዛቻቸው ሳብ 17 ቦምብ ጣዮች ላይ ስለሆነ፣ የዚያን ዘመን ሞተር ድምፅ ከአውሮፕላኑ ውስጥ ሆነው አንድ ጊዜ እንዲሰሙ ፈልጌ ለሁለታችን በነፍስ ወከፍ 425 ዶላር ከፈልኩ። አውሮፕላኑ ቢ-25 ነበር፤ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 18 ቀን 1942 አሥራ ስድስቱ ከመርከብ ላይ ተነሥተው ጃፓንን የደበደቡበት ዓይነት።

ተሳፈርን፣ ቀበቶ አሰርን፣ ሁለቱም ሞተሮች ተነሡ። እያንዳንዳቸው አሥራ አራት ሲሊንደርና 1,700 የፈረስ ጉልበት ያላቸው ስለሆኑ ንዝረቱ እስከ ጥርስ ድረስ ይሰማል። ማኮብኮቢያው ጫፍ ስንደርስ አብራሪው ፍሬን ይዞ ሞተሮቹን በየተራ መፈተሽ ጀመረ። በእያንዳንዱ ሲሊንደር ላይ ሁለት ካንዴላዎች አሉ፤ የእሳቱን ብልጭታ የሚሰጧቸውም ሁለት ማግኔቶዎች ናቸው። አብራሪው አንዱን ማግኔቶ ሲያጠፋ የሞተሩ ዙር በጥቂቱ ብቻ መቀነስ አለበት። የቀኙ ሞተር ግን በአንደኛው ማግኔቶ ሲቀር ይንተፋተፍ ጀመር። አባቴ ዓይናቸውን ጨፍነው ሲያዳምጡ ቆዩና ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «የቀኙ ማግኔቶ ነው፤ አይነሣም፤ መነሣትም የለበትም» አሉኝ። አብራሪውም ካንዴላው ከቆሸሸ ይጠራ ይሆናል ብሎ ሞተሩን ደጋግሞ ካስጓራ በኋላ ተስፋ ቆርጦ ወደ ድንኳኑ መለሰን።

አብራሪውን አመሰግነዋለሁ እንጂ አልወቅሰውም። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 2 ቀን 2019 በኮነቲከት ብራድሊ አውሮፕላን ማረፊያ ቱሪስቶችን ይዞ የተነሣ ቢ-17 የተባለ ሌላ የዚያ ጦርነት ቦምብ ጣይ አንደኛው ሞተሩ አስቸግሮት ሊመለስ ሲል ተከስክሶ፣ ከተሳፈሩት 13 ሰዎች 7ቱ ሞተዋል። ምርመራው ከአብራሪው ስሕተት ሌላ የጥገና ጉድለትም አግኝቷል፤ ከጉድለቶቹም አንዱ የማግኔቶ ነበር። ስለዚህ ያልተነሣ አውሮፕላን አላናደደኝም። ያናደደኝ ከወረድን በኋላ የሆነው ነው።

ጠረጴዛው ጋ የተቀመጠውን ወጣት ሌላ ቀን ይመድብልን ወይም ገንዘቡን ይመልስልን እንደሆነ ጠየቅሁት። ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ፣ ልንሳፈር ስንል እየተጣደፉ ያስፈረሙንን ወረቀት ሦስተኛውን ገጽ ገልጦ ጣቱን አንድ መስመር ላይ አሳረፈ፤ ሞተር ከተነሣ በረራው እንደተሰጠ ይቆጠራል ይላል። ገንዘብ ስከፍል ይህ መስመር የትም አልነበረም። እንዳልበረርን ስነግረው፣ «የከፈላችሁት ለበረራ አይደለም፤ ልገሳ ነው፤ ልገሳ ደግሞ አይመለስም» አለኝ። አባቴ በትሕትና፣ በጠራ እንግሊዝኛ፣ የቀኙ ማግኔቶ እስኪጠገን መጠበቅ እንደምንችል ሲነግሩት ፊቱን ከእሳቸው አዙሮ ለእኔ፣ «ጉብኝቱ እንዳለቀ ንገራቸው» አለኝ። ዕድሜ ልካቸውን ሞተር ሲጠግኑ የኖሩ ሰው፣ ቋንቋ እንደማያውቅ ሕፃን በአስተርጓሚ ተባረሩ። ይህን ሁሉ ሲናገር መካኒኮቹ መሰላል ላይ ወጥተው የቀኙን ሞተር ክዳን ከፍተው ነበር፤ እሱ ግን የሚቀጥሉትን ተሳፋሪዎች ስም እየጠራ ያንኑ ወረቀት ያስፈርማል። ሞተሩ እንዳልሠራ ግን ለአንዳቸውም አልነገራቸውም።

«ልገሳ» የሚለው ነገር ከየት እንደመጣ ይገባኛል። የአሜሪካ የአቪዬሽን ባለሥልጣን እነዚህ አውሮፕላኖች እንደ መደበኛ አየር መንገድ መንገደኛ በክፍያ እንዲጭኑ አይፈቅድም፤ ታሪክ ለመጠበቅ ተብሎ በልዩ ፈቃድ ነው የሚበሩት። ይህ ግን እኔ በሰዓትና በወንበር ቁጥር የገዛሁትን በረራ ገንዘቤን ስጠይቅ ስጦታ አያደርገውም። ደግሞስ በአገሩ የግብር ሕግ ከ75 ዶላር በላይ ተቀብሎ በምላሹ አገልግሎት የሚሰጥ የበጎ አድራጎት ድርጅት የአገልግሎቱን ግምታዊ ዋጋ ለከፋዩ በጽሑፍ መግለጽ አለበት፤ ለእኛ እንዲህ ያለ ወረቀት አልተሰጠንም። ከሁሉ የሚያስፈራኝ ደግሞ ደንቡ ራሱ ነው፤ ሞተር በማስነሣት ብቻ ገንዘቡ የሚጸና ከሆነ፣ ጠዋት ሞተሩን በሚገባ ፈትሾ ለመጠገን የሚያስገድዳቸው ምንድን ነው?

የግድ መብረር የምትፈልጉ፣ የሚያስፈርሟችሁን ወረቀት በሙሉ ከመክፈላችሁ በፊት በኢሜይል አስልኩ፤ በረራው «ተሰጠ» የሚባለው መቼ እንደሆነም በጽሑፍ አስመልሱ። ክፍያው በክሬዲት ካርድ ይሁን። ያልተሰጠ አገልግሎት ከተከፈለበት፣ የሒሳብ መግለጫው ከተላከላችሁ በ60 ቀናት ውስጥ ለባንኩ በጽሑፍ መቃወም ትችላላችሁ፤ እኔ ዛሬ ጠዋት የወረቀቱን ፎቶ አያይዤ አቤቱታዬን አስገብቻለሁ። ትናንት ከእኛ በኋላ ስማቸው ሲጠራ ከነበሩት መካከል ይህን የሚያነብ ካለ፣ አውሮፕላኑ ተነሥቶ እንደሆነና እንዳልሆነ ቢጽፍልኝ ለአቤቱታዬ ይጠቅመኛል።