የእሳት ደህንነት አማካሪ ስትቀጥሩ ሳይት ላይ የሚውል ቅጠሩ

ለአንድ ባለ 8 ፎቅ ሕንፃ የእሳት ደህንነት ኢንጂነሪንግ አማካሪ ቀጥረን ነበር። ሕንፃው ከሥር የመኪና ማቆሚያ፣ ግራውንድ ላይ ሱቆች፣ ከዚያ በላይ ቢሮዎች አሉት። እኔ የባለቤቱ ተወካይ ነበርኩ። ከንድፉ ጀምሮ እስከ ርክክብ ድረስ አብሬያቸው ሠርቻለሁ። የምወቅሳቸው ነገርም ስላለ ስማቸውን አልጠራም። ግን ይህን አገልግሎት ለመግዛት የሚያስብ ሰው ምን እንደሚያገኝ አስቀድሞ ቢያውቅ ይጠቅመዋል።

ባጭሩ ልናገር። የዲዛይን ሥራቸው ጥሩ ነበር። የሳይት ክትትላቸው እጅግ ግሩም ነበር። ፍተሻውንና የርክክብ ሰነዱን ግን አበላሽተዋል።

ብዙ ባለቤት እንዲህ ያለ አማካሪ የሚቀጥረው ለፈቃድ ነው። ሪፖርቱ ይገባል፣ ይጸድቃል፣ መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል። እኛ የጠራናቸው አርክቴክቱ ገና ፕላኑን እየሳለ ሳለ ነው፤ ይህ በጣም ጠቅሞናል። በመጀመሪያው ፕላን ሁለቱ ደረጃዎች ከሊፍቱ ግራና ቀኝ ተጣብቀው ነበር። የአማካሪዎቹ ኢንጂነር ፕላኑን ዘርግታ አየችና፣ «ይሄ በስም ነው እንጂ ሁለት ደረጃ አይደለም» አለች። ሊፍቱ አካባቢ ጭስ ከሞላ ሁለቱም መውጫዎች አንድ ላይ ይዘጋሉ። አርክቴክቱ ትንሽ ተከራከረ፤ በመጨረሻ አንዱን ደረጃ ወደ ሕንፃው ሌላኛው ጫፍ ወሰደው። ያኔ የተነካው መስመር ብቻ ነበር። አርማታ ከተሞላ በኋላ ቢሆን ማን ይነካዋል?

ስሌታቸውንም ወድጄዋለሁ። ሁለት ጊዜዎችን ያወዳድራሉ። አንዱ ሰው ሁሉ ለመውጣት የሚፈልገው ጊዜ ነው። ሌላው ጭሱና ሙቀቱ መውጫውን የማይቻል እስኪያደርገው ድረስ ያለው ጊዜ ነው። ሁለተኛው ከመጀመሪያው በበቂ መብለጥ አለበት። ያስገረመኝ፣ ለመውጣት ከሚያስፈልገው ጊዜ ብዙው የሚጠፋው በመሄድ ላይ አለመሆኑ ነው። ሰው ደወል ሲሰማ ወዲያው አይነሳም። «የእውነት ነው?» ይላል፣ ጎረቤቱን ያያል፣ ቦርሳውን ይፈልጋል። ለዚህ ነው ከደወል ጋር በሰው ድምፅ የሚናገር ማስጠንቀቂያ ይግባ ብለው የጸኑት። ትክክል ናቸው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፤ ሳይቱ።

በወረቀት ላይ ደህና የሆነ ሕንፃ ሳይት ላይ በትንንሽ ቀዳዳዎች ይበላሻል። ግድግዳው 2 ሰዓት እሳት ይቋቋማል ተብሎ ይሠራል። ከዚያ ሳኒተሪው መጥቶ ለቧንቧ ይበሳዋል። ኤሌክትሪሻኑ ለኬብል ይበሳዋል። የአየር ማቀዝቀዣው ሰው ለዳክት (ለአየር ማስተላለፊያው ቱቦ) ሰፋ አድርጎ ይበሳዋል። ከዚያ ኮርኒስ ይገጠማል፤ ማንም አያየውም። ያ ግድግዳ ከእንግዲህ 2 ሰዓት ቀርቶ ጭስ እንኳ አያቆምም።

የእኛዋ ኢንጂነር ኮርኒስ ከመዘጋቱ በፊት ሁሉንም ፎቅ በመሰላልና በባትሪ አየች። አንድ ፎቅ ላይ በፕላስቲክ ፍሳሽ ቧንቧ ዙሪያ ቢጫ ፎም ተነፍቶ አገኘች። ፎርማኑ ልምድ ያለው ሰው ነው። «ኢንጂነር፣ ተደፍኗል እኮ፤ አየር እንኳ አያሳልፍም» አላት። እሷም በትሕትና አስረዳችው። «ጋሼ፣ ፎሙ ራሱ ይቀጣጠላል። ቧንቧውም ይቀልጣል። ሲቀልጥ ቧንቧው የነበረበት ቦታ ክፍት ይሆናል፤ እሳቱም በዚያ ያልፋል።» ለዚህ የሚሆነው ሙቀት ሲነካው እያበጠ ለስላሳውን ቧንቧ ጨፍልቆ የሚዘጋ ቀለበት ነው። ለኬብሎቹ ደግሞ ሮክ ዉል (ከድንጋይ የተሠራ፣ የማይነድ ጥጥ መሰል ነገር) እና እሳት የሚገታ ማሸጊያ። እያንዳንዱ ቀዳዳ ቁጥር ተሰጠው፣ ፎቶ ተነሳ፣ ከዚያ ኮርኒሱ ተዘጋ። ፎርማኑም ከዚያ በኋላ ሳይጠየቅ ራሱ እየጠራ ያሳያት ጀመር። ለእኔ ከሪፖርቱ ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው።

ጭስ ቀዳዳ ካገኘ ምን እንደሚያደርግ ላስታውስ። እ.ኤ.አ. በ1980 ላስ ቬጋስ ውስጥ ኤም ጂ ኤም ግራንድ ሆቴል ሲቃጠል እሳቱ የነበረው ታች ካዚኖው ውስጥ ነው። 85 ሰው ሞተ። አብዛኛውን የገደለው ጭስ ነው፤ ብዙዎቹም የሞቱት ነበልባል ባልደረሰባቸው የላይኛዎቹ ፎቆች ነው። ጭሱ የወጣው በደረጃ፣ በሊፍት መተላለፊያና በሕንፃው ክፍተቶች በኩል ነበር።

በሮቹም ላይ ጠበቅ ያለች ነበረች። እሳት የሚከላከል በር እንደ ተራ በር አይቆጠርም። ክፈፉ፣ ማጠፊያው፣ በራሱ የሚመልሰው ክንድ፣ ጠርዙ ላይ ያለው በሙቀት የሚያብጥ ጥብጣብ፣ ሁሉም አብሮ የተፈተነ ነው። አንድ አናጺ በሩ ወለሉን ስለነካበት የበሩን ሥር ላጠው። ኢንጂነሯ በሩን መልሳ አስቀየረች። ኮንትራክተሩ ተቆጣ። እኔ ከእሷ ጎን ቆምኩ፤ ዛሬም እቆማለሁ።

ከሁሉ ትልቁ ክርክር በውጭ ልባሱ ላይ ነበር። ኮንትራክተሩ በስፔሲፊኬሽኑ የተጻፈው የአልሙኒየም ፓኔል ዘገየብኝ ብሎ «ተመሳሳይ» አመጣ። ከፊት ስታዩት በእርግጥ ይመሳሰላል። ልዩነቱ ሁለቱ ስስ የአልሙኒየም ቆርቆሮዎች መሃል ያለው ነገር ነው። የመጣው መሃሉ ፖሊኤቲሊን ነበር፤ ማለትም የሚነድ ፕላስቲክ። እ.ኤ.አ. በ2017 ለንደን ውስጥ ግሬንፌል ታወር ላይ እሳቱን ከአንድ ኩሽና አንስቶ በሕንፃው ፊት ላይ ያሯሯጠው ዋናው ነገር እንዲህ ያለ ፓኔል ነው። 72 ሰው አለቀ። አማካሪዎቻችን የፈተና ወረቀቱን ጠየቁ፣ ናሙናውን ቆርጠው መሃሉን አሳዩን፣ በጽሑፍ እንቢ አሉ። ፓኔሉ ተመለሰ። ሥራው ዘገየ፤ ይዘግይ።

ስለ ስፕሪንክለር (እሳት ሲነሳ ከጣሪያ ውሃ ስለሚረጨው መሣሪያ) ብዙ አልልም፤ ሥራው ንጹህ ነበር። ባለቤቱ «አንድ ክፍል ሲጨስ ሕንፃው ሁሉ በውሃ ይጥለቀለቃል» ብለው ፈርተው ነበር። እንደዚያ አይደለም። በተለመደው ዓይነት እያንዳንዱ አፍ ለብቻው የሚከፈተው የራሱ ብልቃጥ ሲሞቅ ነው። ቀዩ ብልቃጥ በ68 ዲግሪ ይሰበራል። ጭስ ብቻውን አይከፍተውም። አማካሪዎቹ ይህን ባለቤቱ እስኪገባቸው ድረስ በትዕግሥት አስረድተዋል።

ቅሬታዬ የሚጀምረው ከፍተሻው ነው። ደረጃው ውስጥ ጭስ እንዳይገባ አየር የሚገፋ ማራገቢያ አለ። ግፊቱ ካነሰ ጭስ ይገባል። ከበዛ ደግሞ በሩ አይከፈትም፤ አሮጊት ወይም ሕፃን ሊገፋው አይችልም። በአውሮፓው መመዘኛ በሩን ለመክፈት የሚያስፈልገው ጉልበት ከ100 ኒውተን ማለፍ የለበትም። የእኛው ሲፈተሽ በሮቹ ድርቅ አሉ። ይህ በራሱ ሊያጋጥም የሚችል ነገር ነው፤ ፍተሻ ያለውም ለዚህ ነው። ያናደደኝ ፍተሻው የተደረገበት ጊዜ ነው። ተከራዮች መግባት ከጀመሩ፣ ቀለም ካለቀ በኋላ! ትርፍ ግፊቱን የሚያስተነፍሰውን መስኮት ለማስተካከል የተጠናቀቀ ግድግዳ ተፈለፈለ። ቀደም ብሎ እንዲሆን በጽሑፍ ጠይቄ ነበር። «ፕሮግራም አልተመቸንም» የሚል መልስ ነው ያገኘሁት። ከሳይቷ ኢንጂነር ጋር ሳይሆን ከቢሮዋ ጋር ያለኝ ጸብ ይህ ነው።

የርክክብ ሰነዱም ለጥበቃውና ለጥገና ሠራተኛው የሚሆን አይደለም። ወፍራም ነው፣ በስሌት የተሞላ ነው። የሕንፃው ሰዎች የሚፈልጉት ሌላ ነው። የትኛው ጭስ ጠቋሚ ሲነቃ የትኛው በር ይለቀቃል? ሊፍቱ የት ይወርዳል? የትኛው ማራገቢያ ይነሳል? በየወሩ ምን ይሞከራል? ይህን የያዘ ሰንጠረዥ የመጣው ብዙ ከወተወትኩ በኋላ ነው። ሲመጣም ሁለት ፎቆች ላይ ከተገጠመው ጋር አይገጥምም ነበር፤ ከኤሌክትሪሻኑ ጋር ተቀምጠን አስተካከልነው።

ደግሜ እቀጥራቸዋለሁ ወይ? አዎ፣ ያቺ ኢንጂነር ሳይት ላይ የምትመደብ ከሆነ። ውሉ ላይ ግን ሦስት ነገር አስገባለሁ። ኮርኒስ ያለ እነሱ ፊርማ እንዳይዘጋ። የደረጃው ግፊት ፍተሻ የማጠናቀቂያ ሥራ ከመጀመሩ በፊት እንዲሆን። የመጨረሻው ክፍያም ሰንጠረዡ ከተገጠመው ዕቃ ጋር ተመሳክሮ፣ ለጥገና ሠራተኞቹ በቦታው ሥልጠና ከተሰጠ በኋላ ብቻ እንዲለቀቅ።