ባቲ ላይ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ልጅ የምታሳድጉ፣ ይህን አናጢ እወቁልኝ

አሰላሙ አለይኩም፣ ጤና ይስጥልኝ የወሎ ልጆች። አንድ አናጢ ላመሰግን ነው የመጣሁት። ትንሽ ይረዝምባችኋል፣ ግን ልጅ ያላችሁ በተለይ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

እኔ የደሴ ልጅ ነኝ። የባለቤቴ ሥራ ወደ ባቲ ሲዛወር ሚያዝያ ላይ ጓዛችንን ጠቅልለን ወረድን። ትልቁ ልጄ ሦስት ዓመቱ ነው፣ ትንሿ ያኔ ገና የአራት ወር ነበረች። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ባቲ ደግሞ 1,500 አካባቢ። አንድ ሺህ ሜትር በወረድን ቁጥር ሙቀቱ ስድስት ዲግሪ ያህል ይጨምራል። እኔ ግን ወርጄም ልጅ የማሳድገው በደሴ ልማድ ነበር፦ ቆብ፣ ሹራብ፣ ካልሲ፣ ከላይ ደግሞ ጋቢ፣ ብርድ እንዳይመታት፣ ምች እንዳያገኛት እያልኩ።

የተከራየነው ቤት ቆርቆሮ ነው። ኮርኒስ የለውም፣ መስኮቱም አንድ ብቻ ነው። ግንቦት ሲገባ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ጣሪያው እንደ ምጣድ ይግላል፣ አናት ላይ የሚወርደው ግለት ራስ ያዞራል። አንድ ቀን ትንሿ ጡት መሳብ አቆመች። አንገቷ ሥር ሽፍታ ወጥቶባታል፣ ሰውነቷ ዝልፍልፍ ብሏል፣ ከረፋድ ጀምሮ ያረጠበችው ጨርቅ አንድ ብቻ ነው። ታቅፌያት ወደ ጤና ጣቢያ ሮጥኩ።

አገሩ ወባ ስላለበት መጀመሪያ ደሟ ታየ፣ ነፃ ናት ተባለ። ነርሷ ቆቡንና ሹራቡን አውልቃ ገላዋን ለብ ባለ ውሃ በተነከረ ጨርቅ አበሰችላት፣ በወረቀት አራገበችላት፣ ከዚያ አጥቢያት አለችኝ። አልሃምዱሊላህ፣ ቀስ በቀስ ዓይኗን ገለጠች። "ሙቀት ነው የጎዳት" አለችኝ። ጡት ቶሎ ቶሎ ስጪ፣ ስድስት ወር ሳይሞላት ግን ውሃ እንዳትሰጫት፣ ከጡት ወተቱ አብዛኛው ውሃ ነው፣ ይበቃታል አለች። እርግብግቢቷ ከጎደጎደ፣ ሽንቷ ከቀነሰ ወይ ከፈዘዘች ሌሊትም ቢሆን አምጫት አለችኝ። የትኩሳት ሽሮፕ ሙቀት ለጎዳው ልጅ እንደማይሠራም ያወቅኩት ያን ቀን ነው። እሷንም አላህ ይስጥልኝ።

ግን ልጄን ይዤ የምመለሰው ወደዚያው ምጣድ ነበር። አልቅሼ ስገባ ጎረቤቴ አየችኝና "አብሽሪ፣ ለዚህ ሰው አለ" ብላ አናጢውን ላከችልኝ።

በጠዋት ይመጣል ብዬ ስጠብቅ ስምንት ሰዓት ላይ መጣ። "በጠዋት ብመጣ ቤቱ ይዋሸኛል" አለኝ። ጫማውን አውልቆ ልጆቹ የሚተኙበት ቦታ ላይ ቁጭ አለ፣ ብዙም አላወራም። ግድግዳውን በመዳፉ እየነካ ዞረ፣ ቀና ብሎ ጣሪያውን ሲያይ ቆየና ሙቀቱ ወደ ላይ ወጥቶ መውጫ ስላጣ ተመልሶ እናንተ ላይ እየወረደ ነው አለኝ። እኔ ቺፕውድ ኮርኒስ ያሠራኛል፣ ገንዘቡን ከየት አመጣለሁ ብዬ ስጨነቅ እሱ ሰኞ ገበያ ሄደሽ ሰሌን ግዢ አለኝ።

ሁለት ቀን ነው የሠራው። ቀጫጭን እንጨት ከግድግዳ ግድግዳ ዘርግቶ ሰሌኑን ከቆርቆሮው ሥር ወጠረው፣ በመሀል ስንዝር ተኩል ያህል ክፍተት ትቶ። ያ ክፍተት ነው ዋናው፣ ግለቱ እዚያው ይቀራል። ከጣሪያው ሥር በሁለቱ ተቃራኒ ግድግዳዎች ጠባብ መተንፈሻ ከፈተና የትኩሱን አየር መውጫ አበጀለት። ከመስኮቱ ፊት ለፊት ደግሞ ሌላ ትንሽ መስኮት አወጣ፣ አሁን ነፋስ በአንዱ ገብቶ በሌላው ይወጣል። ሁሉንም ቀዳዳ በወንፊት ሸፈነው። ወንፊቱን እኔ አላዘዝኩትም፣ "ነፋስ ላስገባልሽ ብዬ የወባ ትንኝ ባስገባ ምኑን ሠራሁ" አለኝ። ቆርቆሮውን ከላይ ኖራ ቀባው፣ ነጭ ስለሆነ ፀሐዩን ይመልሳል። ዝናብ ስለሚያጥበው ግን በየዓመቱ መድገም አለባችሁ። ከሰል ምድጃውንም ከቤት አስወጣኝ። ደጃፍ ላይ ትንሽ ዳስ ሠራልኝ፣ ቡና የማፈላው አሁን እዚያ ነው። ሰሌኑ እሳት ስለሚፈራ ነው፣ ደግሞም ለካ ሙቀቱን ግማሹን የምጨምረው እኔው ነበርኩ።

እስካሁን ሳስበው ሆዴን የሚያባባኝ ግን ሌላ ነው። ትልቁ ልጄ ሲሞቀው በርሜሉ ላይ ተንጠልጥሎ በውሃው ይጫወታል፣ እኔም ይቀዝቅዝ ብዬ እተወዋለሁ። አናጢው ይህን ሲያይ መዶሻውን አስቀምጦ መጣና ልጁን አወረደው። ልጅ በጭንቅላቱ ከገባ ራሱን ማውጣት አይችልም፣ በሳፋ ውስጥ ባለች ጥቂት ውሃም ይታፈናል አለኝ። ከተረፈው ጣውላ ለበርሜሉ ከባድ ክዳን ሠራለት። የክዳኑን ሂሳብ ስጠይቀው "የልጅ ነገር ነው" ብሎ አንድ ብር አልቀበልም አለ። የወሰደው የተስማማነውን ብቻ ነው።

አከራያችን በስልክ ፈቅደውልን ነው ያሠራነው፣ እናንተም ከመጀመራችሁ በፊት አስፈቅዱ። ቤቱ እንደ ደሴ አልቀዘቀዘም፣ ባቲ ባቲ ናት። ግን አሁን ስምንት ሰዓት ላይ ሁለቱም ልጆቼ ይተኛሉ። ትንሿ በስስ ጥጥ ልብስ ነው የምትውለው፣ ቆብ የለ፣ ሹራብ የለ። ሽፍታዋም ጠፍቷል።

ጀዛከላህ ኸይር፣ ወንድም ጋሼ። ዕድሜና ጤና ይስጥህ፣ እጅህ አይዛል።

ስሙን በአደባባይ መለጠፍ አልፈለገም፣ አክብሬለታለሁ። ባቲም ሆነ ዙሪያዋ ላይ ያላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ስልኩን ከእሱ ጋር ተነጋግሬ እሰጣችኋለሁ። ሰኞ ገበያ ስለሆነ አይመቸውም፣ ሰሌናችሁን ያን ቀን ግዙና ማክሰኞ ጥሩት።