ፎቅ ላይ ላለ ፕሌይስቴሽን ዴኮ ኤም4፦ የስምንት ወር ልምዴ

ታናሽ ወንድሜ ዱባይ ከገባ ወዲህ ቅዳሜ ማታ የምንገናኘው ፕሌይስቴሽን ላይ ነው። እሱ ከዚያ፣ እኔ ከአዲስ አበባ ሆነን ኳስ እንጫወታለን። እግረ መንገዳችንን ስለ እማዬ ጤና፣ ስለ ሥራው እናወራለን። ኔትወርኩ ሲቆረጥ ወሬያችንም አብሮ ይቆረጣል። ለዚህ ነው ነገሩን አጥብቄ የያዝኩት። ዴኮ ኤም4 የምለው፣ ቤት ውስጥ በየቦታው የሚቀመጡና እርስ በርስ እየተነጋገሩ ዋይፋይ የሚያዳርሱ ፍሬዎች ያሉት ዕቃ ነው።

የፋይበሩ ራውተር ታች ሳሎን ነው ያለው። ፕሌይስቴሽኑ ፎቅ ላይ፣ እኔ መኝታ ቤት። በመሀላቸው ፌሮ የበዛበት ሶሌታ አለ። ሌላም ጣጣ አለ፦ የኔ ፒኤስ4 በፈረንጆቹ 2013 የወጣው የመጀመሪያው ዓይነት ነው፤ ዋይፋይ የሚይዘው በ2.4 ጊጋኸርትዝ ሞገድ ብቻ ነው። 5 ጊጋኸርትዝ የመጣው በ2016 ከወጡት ከፒኤስ4 ስሊምና ከፒኤስ4 ፕሮ ጋር ነው። 2.4 ግድግዳ በማለፍ ይሻላል፤ ግን የጎረቤቱ ራውተር ሁሉ እዚያው ላይ ይርመሰመሳል። በዚህ ሞገድ ውስጥ ካሉት ቻናሎች (መስመሮች) እርስ በርስ የማይረባበሹት 1፣ 6 እና 11 ብቻ ናቸው። የኛ ሰፈር ደግሞ ቤቱ የተጠጋጋ ነው።

መጀመሪያ ርካሽ ሪፒተር (ዋይፋዩን ተቀብሎ ወደ ፊት የሚያሳልፍ ዕቃ) ገዛሁ። የዋይፋዩ ምልክት ሞላ፣ ጨዋታው ግን ባሰበት። እንዲህ ዓይነቱ ሪፒተር የተቀበለውን በዚያው ሞገድ መልሶ ስለሚያስተላልፍ ፍጥነቱ ወደ ግማሽ ይወርዳል፣ መዘግየቱም ይጨምራል። ቪዲዮ ለማየት ይበቃል፤ ለኳስ አይሆንም።

ከዚያ ሁለት ፍሬ ያለው የቲፒሊንክ ዴኮ ኤም4 ገዛሁ። አንዱን ታች ከራውተሩ ጋር በኬብል አገናኘሁት፣ ሌላውን ፎቅ አወጣሁት። ሁለቱ በ5 ጊጋኸርትዝ መነጋገር ይችላሉ። እያንዳንዱ ፍሬ ሁለት የኬብል ቀዳዳ አለው፤ ለኔ ትልቁ ነገር ይኼ ነው። ፕሌይስቴሽኑን ከላይኛው ፍሬ ጋር በኬብል ስሰካው የራሱ ደካማ ዋይፋይ አያስፈልገውም። ብዙ ሰው ዴኮውን ገዝቶ ኮንሶሉን በዋይፋይ ይተወዋል። እባካችሁ እንዲህ አታድርጉ።

ቦታውን ግን ተሳስቼ ነበር። ላይኛውን ፍሬ መኝታ ቤት፣ ከቲቪው አጠገብ አስቀመጥኩት። እዚያ ሲሆን ሞገዱ ሶሌታውንም የብሎኬት ግድግዳውንም ማለፍ አለበት። ሁለት ሳምንት ሙሉ ላጉ (የጨዋታው መዘግየትና መቆራረጥ) አልለቀቀኝም። አንድ ቀን ደረጃው አናት ላይ አወጣሁትና 10 ሜትር ኬብል በዞኮሎው ጥግ ጥግ ስቤ እስከ መኝታ ቤት አስገባሁ። ደረጃው ክፍት ስለሆነ ሞገዱ በዚያ በኩል ይወጣል። በፕሌይስቴሽኑ የኢንተርኔት ሙከራ ላይ ከ4 ሜጋ የማያልፈው 20 ገባ፤ ታች ሳሎን ከማገኘው ጋር እኩል ማለት ነው። ዋናው ደስታዬ ግን መረጋጋቱ ነው። ኳሷ መሀል ሜዳ ላይ ደርቃ አትቀርም።

የወንድሜ ድምፅ አልሰማ ያለኝ ጊዜም ነበር። ዴኮውም ራውተሩም ሁለቱም እንደ ራውተር እየሠሩ ስለነበር ሙከራው ናት ታይፕ 3 ይል ነበር፤ ይህ ከሌላ ተጫዋች ጋር በቀጥታ ለመገናኘት የሚያስቸግር ጥብቅ ደረጃ ነው። በስልክ መተግበሪያው ዴኮውን ወደ አክሰስ ፖይንት ሞድ (ራውተርነቱን ትቶ ዋይፋይ ብቻ ወደሚያዳርስበት) ቀየርኩት፤ ታይፕ 2 ሆነ፣ ድምፁም መጣ።

መብራት ብልጭ ብሎ ሲመለስ ሁለቱ ፍሬዎች ተነስተው እስኪገናኙ ጥቂት ደቂቃ ይፈጃል። ታችኛውንና ራውተሩን በትንሽ ባትሪ ይዣቸዋለሁ፣ ለላይኛው ገና አልገዛሁም። ደግሞ ዴኮ ቤት ውስጥ ያለውን መንገድ ነው የሚያስተካክለው። ከቤት ውጭ ያለው መስመር ሲጨናነቅ ፒንጉ (መልእክት ደርሶ እስኪመለስ የሚፈጀው ጊዜ) ከፍ ይላል፤ እሱን የሚያወርድ ዕቃ የለም።

ቤት እያሠራችሁ ያላችሁ ግን ዴኮ ከማሰባችሁ በፊት፣ ሶሌታው ሳይሞላ ባዶ የኬብል ቱቦ አስቀብሩ። ካት 6 የሚባለው የኔትወርክ ኬብል እስከ 100 ሜትር ያለችግር ይሄዳል። እኛ ቤት ያ ቱቦ ቢኖር ኖሮ ይህን ሁሉ ወጪ አላወጣም ነበር።