ከጣሳ ወተት ወደ ላም ወተት፦ ለደሴና ለኮምቦልቻ ቤተሰብ የትኛው ይሻላል?

ልጁ አንድ ዓመት ሲሞላው ብዙ ወላጅ የሚያደርገው ወደ መድኃኒት ቤት ሄዶ 3 ቁጥር የተጻፈበትን የፎርሙላ (የሕፃናት ዱቄት ወተት) ጣሳ መግዛት ነው። 1 ቁጥር አለቀ፣ 2 ቁጥር አለቀ፣ እንግዲህ ተራው የ3 ነው የሚል ስሌት ነው። እኔ ግን ጤነኛ ለሆነና ምግብ ለሚበላ ልጅ ይህ ጣሳ አያስፈልገውም እላለሁ። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2023 ባወጣው መመሪያ ከ12 እስከ 23 ወር ላሉ፣ ከእናት ጡት ሌላ ወተት ለሚጠጡ ልጆች የእንስሳት ወተት እንዲሰጥ፣ ለዚህ ዕድሜ ተብለው የሚሸጡት የጣሳ ወተቶች ግን እንዳይመከሩ ጽፏል። ጡት የምታጠባ እናት ደግሞ እስከ ሁለት ዓመትና ከዚያም በላይ ብትቀጥል ከሁሉም የተሻለ ነው።

ዕድሜው ሳይደርስ ግን አትቸኩሉ። ፎርሙላ እያገኘ ያለ ልጅ አንድ ዓመት እስኪሞላው በዚያው ቢቆይ ይሻላል። የላም ወተት ብረት የለውም ማለት ይቻላል፤ ፕሮቲኑና ጨዉ ደግሞ ለሕፃን ኩላሊት ይበዛል።

የባለ 3 ቁጥሩን ጣሳ ጥቅም አልክድም። ብረትና ቫይታሚን ተጨምሮበታል፣ ንጽሕናው አስተማማኝ ነው፣ በየሱቁ ይገኛል። ነገር ግን ብዙዎቹ ስኳር ወይም ሌላ ማጣፈጫ አለባቸው፤ ልጁ ጣዕሙን ከለመደ በኋላ ተራውን ወተት አልፈልግም ይላል። ዋጋውን ለማነጻጸር ደግሞ ቀላል መንገድ አለ፤ 400 ግራም ጣሳ ሲበጠበጥ በግምት ሦስት ሊትር ይወጣዋል። የጣሳውን ዋጋ ለሦስት አካፍሉና ሰፈራችሁ ውስጥ አንድ ሊትር የላም ወተት ከሚሸጥበት ዋጋ ጋር አስተያዩ። የሚተርፈውን ብር ለእንቁላልና ለጉበት አውሉት፤ ልጁ ብረቱን ከዚያ ያገኛል። ያለ ጊዜው ለተወለደ፣ ክብደት አልጨምር ላለ ወይም አለርጂ ላለበት ልጅ ግን የሚወስነው ሐኪሙ ነው።

ከላም ወተቶች መካከል እኔ የማስቀድመው ከሚታወቅ ቤት በየማለዳው የሚመጣውን ትኩስ ወተት ነው። ደሴ ለዚህ ታድላለች፤ በጢጣ፣ በቦሩ ሜዳና በኩታበር በኩል ላም የሚያረቡ ቤተሰቦች ሞልተዋል። ሁዳዴ ሲገባ ፈላጊው ይቀንሳል፣ ረመዳን ሲመጣ ደግሞ ይበዛል፤ ስለዚህ ከአንድ ሻጭ ጋር የወር ኮንትራት የያዘ ሰው ልጁ ወተት አያጣም። ሻጯን ስታገኙ «እትዬ፣ ላሟ መድኃኒት እየተወጋች ነው ወይ?» ብላችሁ መጠየቅን አትፈሩ። በሕክምና ላይ ያለች ላም ወተት ለልጅ አይሆንም፤ ሐቀኛ ሻጭም በጥያቄው አትቀየምም።

ዕቃውንም እዩ። አንገቱ ጠባብ የሆነ የፕላስቲክ ጀሪካን እጅ ገብቶ ስለማያጥበው ከአፉ ሥር ቢጫ ቅባት ይጋገርበታል። ክዳኑን ከፍታችሁ አሽትቱ፤ የቆመጠጠ ሽታ ካለው ወተቱ መበላሸት ጀምሯል ማለት ነው። አፈ ሰፊ የአሉሚኒየም ወይም የማይዝግ ብረት ዕቃ የምትጠቀም ሻጭ ሁለት ብር ብታስወድድም እሷን ምረጡ። በወይራ የታጠነ ቅል ሽታው ደስ ይላል፤ ማጠኑ ግን ማፍላትን አይተካም።

ጥሬ ወተት ሳይፈላ ለልጅ አይሰጥም። የከብት ሳንባ ነቀርሳና ብሩሴሎሲስ የሚባለው ከከብት የሚይዝ በሽታ በጥሬ ወተት ይተላለፋሉ፤ ላሟ ጤነኛ መስላ መታየቷ ማስረጃ አይሆንም። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው፤ «ታዲያ ጀርሙ ይሞታል?» ብለው የሚጨነቁ ወላጆች አሉ። አብሽሩ፤ ፋብሪካ ወተት ፓስቸራይዝ የሚያደርገው በ72 ዲግሪ ለ15 ሰከንድ ነው፤ ስለዚህ ይበቃል። ወተቱ ሊገነፍል ሲል እሳቱን ቀንሱና እያማሰላችሁ አንድ ሁለት ደቂቃ አቆዩት። ሲቀዘቅዝ ላዩ ላይ የሚጋገረውን ስልባቦት አውጥታችሁ አትጣሉ፤ መልሳችሁ አዋሕዱት። ከሁለት ዓመት በታች ላለ ልጅ ስቡ ያስፈልገዋል። «ይከብደዋል» ተብሎ በውሃ የሚቀጠነውም ወተት እንዲሁ ምግቡን ማጣት ነው።

ኮምቦልቻ ላይ ነገሩ ትንሽ ይለያል። ከደሴ በስድስት መቶ ሜትር ያህል ዝቅ ስለምትልና ስለምትሞቅ ጠዋት የተገዛ ወተት ሳይፈላ እኩለ ቀን ላይ ሊቆመጥጥ ይችላል። ማቀዝቀዣ ከሌለ ለአንድ ቀን የሚበቃውን ብቻ ገዝቶ ወዲያው ማፍላት ነው። የላስቲኩ ፓስቸራይዝድ ወተት ጥሩ ምርጫ የሚሆነው ሱቁ በማቀዝቀዣ ውስጥ ካስቀመጠው ብቻ ነው፤ በካርቶን ተደርድሮ በር ላይ ፀሐይ የሚመታውን እለፉት። መብራት በሚቆራረጥበት ሰሞን የካርቶኑ ረጅም ዕድሜ ያለው ወተት ያዋጣል፤ ሳይከፈት ያለ ማቀዝቀዣ ለወራት ይቆያል። ከተከፈተ በኋላ ግን እንደ ማንኛውም ወተት ነው። ለመንገድም ቢሆን ከእሱ የሚሻል የለም።

ተራው የዱቄት ወተት በእኔ ደረጃ ሁለተኛ ነው፤ አስተማማኝ ሻጭ ላጣ ቤተሰብ ያገለግላል። ማሸጊያው ላይ ሙሉ ቅባት ያለው መሆኑን አንብቡ። ቅባቱ የወጣለት፣ በአትክልት ዘይት የተተካበት ወይም ቡና ላይ ለመጨመር የተሠራ ዱቄት ለዚህ ዕድሜ አይሆንም። ስኳር ያለበት ወፍራሙ የጣሳ ወተትማ (ኮንደንስድ ሚልክ) ጨርሶ አይታሰብም። ዱቄቱን በተፈላ ውሃ፣ በማሸጊያው ልክ በጥብጡ፤ እንዲበረክት ብሎ ማቅጠን ልጁን መጉዳት ነው።

የፍየል ወተት ፎሌት የሚባለው ቫይታሚን ስለሚያንሰው ብቻውን አይበቃም፤ የላም ወተት አለርጂ ላለበት ልጅም መፍትሔ አይሆንም፤ ፕሮቲናቸው ይቀራረባል። ከባቲ በኩል የሚመጣው የግመል ወተት ከተገኘ እሱም ይፈላ።

ሽግግሩ በአንድ ቀን ቢሆንም ጤነኛ ልጅ አይጎዳም፤ ጣዕሙን አልወድ ካለ ግን በሳምንት ወይም በሁለት ሳምንት ውስጥ ቀስ በቀስ ይሁን። በመጀመሪያ ፎርሙላውን በትክክለኛው የውሃ መጠን በጥብጡ፤ ከዚያ 150 ሚሊ ሊትሩ ላይ 50 ሚሊ ሊትር የተፈላ ወተት ጨምሩ። ሁለት ሦስት ቀን ቆይታችሁ እኩል በእኩል አድርጉት። የፎርሙላውን ዱቄት ወተት ውስጥ በቀጥታ መበጥበጥ ግን ከመጠን በላይ ስለሚያወፍረው ክልክል ነው። ፎርሙላው ለብ ብሎ ይሰጥ ከነበረ የላሙም ወተት ለብ ይበል። ጡጦውንም በዚሁ አጋጣሚ በኩባያ ለውጡ፤ ጡጦ ይዞ የሚተኛ ልጅ ጥርሱ ይበላሻል።

መጠኑ በቀን ከ400 እስከ 500 ሚሊ ሊትር ይበቃል። ወተት ጠጥቶ የጠገበ ልጅ ምግብ አይበላም፤ በቀን ከ700 ሚሊ ሊትር በላይ የሚጠጣው ደም ማነስና የሆድ ድርቀት ሊይዘው ይችላል። ፎርሙላው ይሰጠው የነበረውን ብረት ከምስር፣ ከሥጋ፣ ከጉበት፣ ከእንቁላል መተካት አለበት፤ ጎን ለጎን ብርቱካን ወይም ቲማቲም ቢያገኝ ሰውነቱ ብረቱን በደንብ ይቀበላል። ሻይ በወተት ለልጅ መስጠት በየቤቱ የተለመደ ነው፤ ሻዩ ብረቱን ስለሚያግድ በዚህ ዕድሜ ይቅር።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሰገራው ቢጠነክር ወይም ቀለሙ ቢቀየር አትደንግጡ። ወተት በጠጣ ቁጥር ቆዳው ሽፍ የሚል፣ በተደጋጋሚ የሚያስመልሰው ወይም ሰገራው ደም ያለበት ልጅ ግን ወተቱ ቆሞለት ለሐኪም ይታይ። ከንፈሩና ፊቱ ካበጠ ወይም ትንፋሽ ካጠረው ያንኑ ሰዓት ወደ ሆስፒታል ውሰዱት።